የካላ አዛር ቀጣናዊ ትብብር ምንድን ነው?

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ካላ አዛር ያለባቸው ጎረቤት አገሮች በሽታውን በየፊናቸው ከማሳደድ ይልቅ አብረው ሊቆጣጠሩት ይስማማሉ። የሕክምና መመሪያቸውን ያቀራርባሉ፣ የታማሚ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ መድኃኒት የት እንዳለና የት እንዳለቀ ይነጋገራሉ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው።

በሽታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ካላ አዛር የሚመጣው ሌይሽማኒያ ከሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ከወባ ትንኝ ያንሳል፣ ሲበር ድምፁ አይሰማም፣ ባብዛኛው የሚነክሰው ከመሸ በኋላ ነው። ተውሳኩ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ይገባል። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም። ሰውየው ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል።

ታዲያ ድንበር ምን አገባው? ዝንቡ እንደሆነ ሩቅ አይበርም፤ ከተፈለፈለበት ቦታ ጥቂት መቶ ሜትር ቢርቅ ነው። የሚሻገረው ሰው ነው። የመተማንና የሁመራን እርሻዎች አስቡ። ሰሊጥ ሲታረምና ሲታጨድ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ይወርዳል፤ ማደሪያውም ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በበጋ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ነው። ዝንቡም የሚወደው ይሄንኑ ነው። ድንበሩን አልፈው ሱዳን ገዳሪፍ ቢገቡ አፈሩ ያው፣ ዛፉ ያው፣ ሥራውም ያው ነው።

ደግሞ ምልክቱ ቶሎ አይታይም። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። እስከዚያ ልጁ የሠራበትን ብር ይዞ አገሩ ገብቷል። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ትኩሳት ሲያይ ቀድሞ የሚጠረጥረው ወባን ነው፤ አይፈረድበትም። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳው ወረርሽኝም መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በሽታው የሚመዘገበው እንግዲህ ሰውየው የታመመበት ቦታ ነው፣ የተነከሰበት አይደለም። አንድ አገር ብቻውን መዝገቡን ቢያገላብጥ ምንጩን አያገኘውም።

ዝም ሲባል ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ደቡብ ሱዳንን ይይ። በምዕራብ አፐር ናይል ከ1984 እስከ 1994 ድረስ፣ በጦርነቱ መሀል፣ ወደ 280 ሺህ ከሚገመተው ሕዝብ 100 ሺህ ያህሉን ካላ አዛር እንደጨረሰው ይገመታል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ትብብሩ የሚሠራ ነገር ነው ወይ? ደቡብ እስያ ላይ ሠርቷል። ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ በ2005 የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ግባቸው በወረዳ ደረጃ በዓመት ከ10,000 ሰው ከ1 ያነሰ ታማሚ እንዲኖር ነበር። በጥቅምት 2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ባንግላዴሽ በሽታውን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን በማውጣት ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን አረጋገጠ።

«እንግዲያው እሱን ገልብጠን እንሥራ» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። እዚያ ያለው የዝንብ ዝርያ የጭቃ ቤት ውስጥ ገብቶ ስለሚነክስ ግድግዳ በኬሚካል መርጨት ያዋጣል። መተማና ሁመራ ያለው ግን ደጅ ነው የሚነክሰው፤ ሜዳ የሚያድር ሰው ምኑ ይረጭለታል? በደቡብ ኢትዮጵያና በኬንያ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ኩይሳ ውስጥ ይደበቃል። መድኃኒቱም እንደዚያው። ሕንድ ውስጥ አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ይበቃል፤ ያው አንድ ዶዝ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሲሞከር አጥጋቢ አልሆነም። ከጣት ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራም እዚህ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ምሥራቅ አፍሪካ የራሱን መልስ መፈለግ ነበረበት፤ ለኔ የትብብሩ ምርጥ ምሳሌ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ካርቱም ውስጥ የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች አንድ የጋራ መድረክ መሠረቱ። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ለጥናት የሚበቃ ታማሚ አያገኝም፤ አራት አገር ሲደመር ግን ይገኛል። ስቲቦግሉኮኔት የሚባለውን የቆየ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምረው ሞከሩና 30 ቀን ይወስድ የነበረው መርፌ ወደ 17 ቀን ወረደ። 17 ቀንም ለቀን ሠራተኛ ረጅም ነው፣ ግን ከ30 ይሻላል።

የመንግሥታቱ ስምምነት የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። በጥር 2023 የቀጣናው አገሮች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የማስወገጃ ዕቅድ አረቀቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ይፋ አደረገው፣ እስከ 2030 የሚሠራ ነው። አስቸኳይ ነው ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፦ በ2022 ከዓለም የካላ አዛር ታማሚዎች 73 በመቶው ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነበሩ፣ ግማሾቹም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ዕቅዱ ገና ሳይጀመር ደግሞ ሱዳን ጦርነት ውስጥ ገባች።

እኔ ከፊርማው በላይ የማየው ታማሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። ታማሚው መዳኑ የሚረጋገጠው ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ በሽታው ደጋግሞ ሊያገረሽ ይችላል። በተለይ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከታከሙ በኋላ ቆዳቸው ላይ ሽፍታ የሚወጣባቸው ብዙ ናቸው፤ ዝንቡ እነሱን ነክሶ ተውሳኩን ወደ ሌላ ሰው ሊወስድ ይችላል። አሁን ገዳሪፍ ታክሞ ጎንደር የገባን ሰው እዚያ ያከመው ሐኪም እዚህ ላለው ሐኪም የሚያሳውቅበት መንገድ ከሌለ፣ ገዳሪፍ ያለው መዝገብ ላይ «ክትትሉን ያቋረጠ» ይባላል፣ ጎንደር ያለው ደግሞ ስሙንም አያውቀው።