ጅራት ላይ ሆና ሰማይ የወጣችው መካኒክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወሩ ፌብሩዋሪ 1945 ነው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ያለው የሂባልድስቶ ወታደራዊ አየር ማረፊያ። ኒል ኮክስ የተባለ አብራሪ ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኑን አስነሣ። ጅራቱ ላይ ማርጋሬት ሆርተን የተባለች የምድር መካኒክ እንዳለች አላወቀም። ዞሮ ተመልሶ አረፈ። እሷም ጉዳት ሳይደርስባት ወረደች።

ይህ ታሪክ ሲወራ ሰው ይስቃል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር እጄ ያልበዋል። ሥራ ላይ ያለች ሴት ለሞት አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሣ።

«ጅራት ላይ ምን አወጣት? ስትቀልድ ነው»

በፍጹም። ተልካ ነው የወጣችው። ስፒትፋየር መሬት ላይ ሲቆም ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ከፊት ናቸው፣ ትንሿ ጎማ ጅራቱ ሥር ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረባቸውን ሲ-47 አውሮፕላኖች ፎቶ ያየ ሰው ይህን አቋም ያውቀዋል፤ አፍንጫ ወደ ላይ፣ ጅራት ወደ ታች። የስፒትፋየር ከባዱ ሞተር ደግሞ ከፊት ነው። ነፋስ በበረታበት ቀን አብራሪው ፍሬን ሲይዝ ወይም ሞተሩን ሲያስጮኸው ጅራቱ ብድግ ይላል። ያኔ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይደፋል፣ ፕሮፔለሩም መሬት መትቶ ይሰባበራል።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ጅራቱ ላይ ሰው ማስቀመጥ። መካኒኩ በጅራቱ ላይ ተጋድሞ በሰውነቱ ክብደት እየተጫነው እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ቆም ይላል፣ ሰውየው ይወርዳል፣ አብራሪው ይነሣል። በየአየር ማረፊያው የተለመደ ሥራ ነበር። የዚያን ዕለት የጎደለችው ያቺ «ቆም» የምትባለዋ ቅጽበት ናት። ማርጋሬት ሳትወርድ ሞተሩ ጮኸ።

ያን ጊዜ ደግሞ መዝለል አይሞከርም። አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ነው። ያላት ምርጫ አጥብቆ መያዝ ብቻ ነበር፣ ያንኑ አደረገች።

«አብራሪው ዓይኑ የት ነበር?»

ይህን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ስፒትፋየር ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አላሰበም። መሬት ላይ ረጅሙ አፍንጫ ፊት ለፊቱን ስለሚጋርደው አብራሪው የሚሄድበትን መንገድ እንኳ ለማየት ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው የሚነዳው። ሐሳቡ ሁሉ ወደፊት ነው። ከኋላው የሚሆነውን በጩኸት ሊሰማ አይችልም፣ ሞተሩ ሁሉን ይውጠዋል። በዚያ ላይ ይቸኩላል። የስፒትፋየር ራዲያተር ክንፉ ሥር ስላለ መሬት ላይ በቂ ነፋስ አያገኝም፣ ሞተሩም ቶሎ ይግላል። አብራሪዎች መሬት ላይ መቆየት የማይወዱት ለዚህ ነው። ጥፋተኛ ለመፈለግ ለሚቸኩል ሰው ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ።

«አንድ ሰው ብትጨመር ለአውሮፕላን ምኑ ነው?»

ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ስንት ኪሎ ናት አይደለም፣ የት ናት ነው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ግፉት፤ ይከብዳል። ከእጀታው ጋር ግፉት፤ በአንድ ጣት ይሄዳል። ጅራትም እንደ እጀታው ነው፣ ከሚዛኑ መሃል ሩቅ። በግምት ላስላው። አውሮፕላኑ 3 ቶን ገደማ ይመዝናል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከመሃሉ 5 ሜትር ተኩል ያህል ወደኋላ ብትሆን ሚዛኑን 11 ሴንቲሜትር ገደማ ወደኋላ ትስበዋለች። 9 ሜትር ለሚያህል ተዋጊ አውሮፕላን ይህ በጣም ብዙ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ይንጠራራል። ከመጠን በላይ ከቀና ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፣ አውሮፕላኑም ይወድቃል። አብራሪውን አፍንጫና ጅራት ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ የሚያስችሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎችም እሷ ያለችበት ቦታ ናቸው። ኮክስ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ተሰማው። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። እንዲህ እያለ አውሮፕላኑን አዙሮ በሰላም ማሳረፉ ትልቅ ችሎታ ነው፣ ስሙም በበጎ ሊነሣ ይገባል።

«በሬዲዮ ወዲያው ሊነግሩት ይገባ ነበር»

መሬት ላይ ያሉት ተመልሶ እንዲያርፍ ነገሩት፣ ምክንያቱን ግን አልነገሩትም። ለእኔ የታሪኩ ብልህ ውሳኔ ይህ ነው። ቢያውቅ ኖሮ እጁ ሊደነግጥ ይችላል። ድንገት ቢጠመዝዝ ወይም ቢጣደፍ የምትወድቀው እሷ ናት። ሳያውቅ ግን እንደ ሁልጊዜው አረፈ።

«በዚያ ዘመን ሴቶች ቢሮ ውስጥ ብቻ ነበሩ»

የብሪታንያ የሴቶች ረዳት አየር ኃይል በ1939 ተቋቁሞ በ1943 ከ180 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። ብዙዎቹ ቢሮና ወጥ ቤት ሠርተዋል፣ እውነት ነው። ግን ራዳር የሚከታተሉ፣ ሞተር የሚፈቱና የሚገጥሙ ሴቶችም ነበሩ። ማርጋሬት ከእነዚህ አንዷ ናት፣ እጇ ዘይት የለመደ ባለሙያ።

«የወታደር ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም»

አውሮፕላኑ ራሱ አለ። መለያው ኤቢ910 ነው። በ1942 በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ በተካሄደው የዲዬፕ ዘመቻ ላይ ተዋግቷል። ጁን 6 ቀን 1944 የተባበሩት ኃይሎች ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ሲወርዱም ከካናዳውያን ጋር ሆኖ ከላይ ጠብቋቸዋል። ጡረታ ወጥቶ ሙዚየም አልገባም። ዛሬ የእንግሊዝ አየር ኃይል የጦርነቱ መታሰቢያ አድርጎ ከሚያበራቸው አውሮፕላኖች አንዱ ነው። መቀመጫው ኮኒንግስቢ ነው፣ እዚያው ሊንከንሻየር ውስጥ።