የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ምንድን ነው? ታዳጊዎችስ በምን ያውቁታል?

ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርገው አፍዎን ቢከፍቱና ቢዘጉ ከቆዳው ሥር የሚንቀሳቀስ አጥንት ይዳስሳሉ፤ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ይህ መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ከመዞር አልፎ አፍ በሰፊው ሲከፈት ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ትንሽ ዲስክ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴም መንጋጋው ይያዛል። የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመምም በዚሁ ስም ይጠቃለላል።

ችግሩ፣ ታዳጊዎች ብዙውን ጊዜ «መንጋጋዬን አመመኝ» አለማለታቸው ነው። «ራሴን»፣ «ጆሮዬን»፣ «ጥርሴን» ይላሉ፤ ጆሮው ሲታይ ግን ደህና ነው። መለያው ሕመሙ ከመንጋጋ እንቅስቃሴ ጋር መያያዙ ነው፦ ቆሎ ሲቆረጥሙ፣ ማስቲካ ሲያኝኩ ወይም ሲያዛጉ ይብሳል፤ ሐኪም ጉንጫቸውን ጫን ሲልም «የሚያመኝ ይኸው ነው» ይላሉ።

በስዊድን ኦስተርዮትላንድ ከ12 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ታዳጊዎች ለጥርስ ምርመራ ሲመጡ ሁለት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ ተደርጎ ነበር፦ ከዐይን ጎን፣ በፊት፣ በመንጋጋ ወይም በመገጣጠሚያው ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያምምሃል? አፍህን በሰፊው ስትከፍት ወይም ስታኝክስ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያምምሃል? ከ100 ታዳጊዎች 4 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ታወቀ፤ በሴቶች ላይም ከወንዶች ይልቅ በርክቶ ተገኘ። የጥያቄዎቹ ጥንካሬ «በሳምንት» በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል፤ አልፎ አልፎ መንጋጋው የማይደክመው ሰው የለምና። ሕመም የሌለው የመንጋጋ ድምፅ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም፤ ወላጆች በዚህ ባይጨነቁ እወዳለሁ።

ታዳጊው የራሱን ሦስት ጣቶች ደርድሮ በፊት ጥርሶቹ መካከል በቁም ማስገባት ካቃተው አፉ በበቂ እየተከፈተ ላይሆን ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ለጊዜው ለስላሳ ምግብ መብላት፣ በሞቀ ጨርቅ መያዝ፣ ጥፍርና እርሳስ መንከስን መተው። በማያኝክበት ሰዓት ከንፈሩ ቢገጥምም የላይና የታች ጥርሶቹ መነካካት የለባቸውም፤ በጥናት ሰዓት ጥርሱን ነክሶ የሚቀመጥ ልጅ ይህን ሲያውቅ ይገረማል። መንጋጋው በድንገት ከተቆለፈ፣ እብጠት ወይም ትኩሳት ካለ፣ አለዚያም አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን መሄድ ከጀመረ ግን ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ በልጅነት የሚጀምር የመገጣጠሚያ ብግነት ይህን መገጣጠሚያ አንዳንዴ ያለ ምንም ሕመም ይጎዳዋልና።