የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ አመራረጥ

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የላቲን ጽሑፍ አለ። በሰሜን ምዕራብ ስፔን ወደሚገኘው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ለሚሄዱ ተሳላሚዎች የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው በመንገድ ላይ ስላለ አንድ ጨዋማ ወንዝ ሲያስጠነቅቅ እንዲህ ያለ ነገር ይተርካል፦ በወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች ቢላዋቸውን እየሳሉ ተቀምጠው ነበር፤ ውኃው ይጠጣ እንደሆነ ሲጠየቁ ይጠጣል አሉ፤ የእነ ጸሐፊው ፈረሶች ጠጡ፤ ከፈረሶቹ ሁለቱ እዚያው ሞቱ፤ ሰዎቹም ቆዳቸውን መግፈፍ ጀመሩ። የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ዋና ጥቅም በዚህች ታሪክ ውስጥ አለ። ቀድሞ የሄደ ሰው የደረሰበትን ኋላ ለሚመጣው ይነግራል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ዘርፉ ባዶ አልነበረም፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ፓውሳንያስ የተባለ ግሪካዊ የግሪክን ቤተ መቅደሶችና ሐውልቶች በ10 መጻሕፍት ዘርዝሯል። ዛሬ የምናውቀው በኪስ የሚያዝ መመሪያ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። የእንፋሎት መርከብና ባቡር መንገደኛውን ሲያበዙት በለንደን ጆን መሪ (ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ከሥራው ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው) የመጀመሪያ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1836 አሳተመ። በጀርመን ኮብሌንዝ ከተማ ደግሞ ካርል ቤዴከር ነበር። ይህ ሰው ያላየውን አይጽፍም ይባልለታል። በሚላን ካቴድራል ደረጃ ላይ ያየው አንድ መንገደኛ እንደተረከው፣ ቤዴከር በየ20 እርምጃው ከሰደሪያው ኪስ አንዲት አተር እያወጣ ወደ ሱሪው ኪስ ይከት ነበር፤ ደረጃውን ሲጨርስ አተሮቹን ቆጥሮ ቁጥሩን ያገኛል ማለት ነው። መታየት ያለባቸውን ነገሮች በኮከብ ምልክት የመለየት ልማድንም ያስፋፉት የእሱ መጻሕፍት ናቸው።

ዛሬ በመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው የሚፈልገው ያችን አተር ነው፤ ጸሐፊው በእርግጥ እዚያ ነበረ ወይ? መልሱ በሽፋኑ ላይ አይገኝም። ሽፋን ሁሉ ፀሐይ የምትጠልቅበት ባሕር ወይም ያረጀ ድልድይ ነው። መጀመሪያ መገለጥ ያለበት የቅጂ መብት ማስታወቂያ የሰፈረበት ገጽ ነው። እዚያ ላይ “አራተኛ እትም” የሚለውና “በድጋሚ የታተመ” የሚለው ትልቅ ልዩነት አላቸው። አዲስ እትም ማለት ይዘቱ ታይቶ ታርሟል ማለት ነው፤ ድጋሚ ኅትመት ግን ያው አሮጌ ጽሑፍ በአዲስ ወረቀት ነው። አዲስ እትምም ቢሆን ጸሐፊው በቦታው የተገኘው መጽሐፉ ለገበያ ከመቅረቡ ከወራት በፊት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ዋጋና የባቡር ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራሉ። አሜሪካዊው አርተር ፍሮመር እ.ኤ.አ. በ1957 አውሮፓን በቀን በ5 ዶላር መጎብኘት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ በወጡት እትሞች ርዕሱ ላይ ያለው ዶላር ራሱ እየጨመረ ሄደ። በሌላ በኩል የአንድ ካቴድራል ታሪክ ወይም የተራራ አቀማመጥ በአሥር ዓመት አይለወጥም። ለሥነ ጥበብና ለታሪክ የሚጓዝ ሰው አሮጌ እትም በርካሽ ቢገዛ አልተሞኘም።

ሁለተኛው ፈተና ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ገዢ ይዘለዋል። ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ አንድ ከተማ “እንዴት ይደረሳል” የሚለውን ክፍል ብቻ ማንበብ ነው። አንዱ “ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ ምቹ መጓጓዣ አለ” ይላል። ሌላው የመጨረሻው ባቡር ከእኩለ ሌሊት በፊት እንደሚነሳ፣ የቲኬት ማሽኑ የወረቀት ገንዘብ እንደማይቀበል፣ የሌሊቱ አውቶቡስ በምድር ቤት ሳይሆን በላይኛው ፎቅ በር ላይ እንደሚቆም ይናገራል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሊጽፈው ይችል ነበር። ሁለተኛው ሻንጣ እየጎተተ በዚያ በር ወጥቷል። ጥሩ መመሪያ ደፍሮ “ይህን ተዉት” ማለትም አለበት። ሁሉም ሙዚየም ድንቅ፣ ሁሉም ገበያ ደማቅ የሆነበት መጽሐፍ የማስታወቂያ ወረቀት እንጂ መመሪያ አይደለም፤ ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ምኑም አይጠቅም።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት መጽሐፉ ለማን ተጻፈ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ ፖስተኛ የጀመረው “አረንጓዴው መጽሐፍ” በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን አሽከርካሪዎች ሳይባረሩ የሚያድሩበትን ሆቴልና ነዳጅ የሚቀዱበትን ቦታ ይዘረዝር ነበር። ሌሎቹ መመሪያዎች ለእነዚህ ሰዎች አልተጻፉም ነበርና። ነገሩ ዛሬም መልኩን ለውጦ አለ። የቪዛ ክፍሉን ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል፤ “ለሦስት ወር ቪዛ አያስፈልግም” የሚለው ዓረፍተ ነገር አሳታሚው በልቡ የያዛቸውን ጥቂት አገራት ፓስፖርት ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል። ለቪዛና ለክትባት የኤምባሲን ቃል እንጂ የየትኛውንም መጽሐፍ ቃል ማመን አይገባም።

አሳታሚዎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው ሎንሊ ፕላኔት መነሻው በአነስተኛ ወጪ እስያን የሚያቋርጥ ወጣት ነበር፤ በ1982 በግሪክ መመሪያ የተጀመረው ራፍ ጋይድስ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ፖለቲካ ረዘም አድርጎ ያወራል፤ ብራድት ሌሎች ችላ ያሏቸውን አገራት ይወዳል። በፎቶግራፍና በሕንፃ ሥዕል የተሞሉት ደግሞ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ ለማየት ግሩም ናቸው፤ ወረቀታቸው ወፍራም ስለሆነ ግን ቀኑን ሙሉ የተሸከማቸው ትከሻ ይመሰክራል።

በስልክ ላይ ስለሚገኘው መረጃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለሰዓትና ለዋጋ ስልክ ይሻላል፤ ምርጫ ለማድረግ ግን ሺህ የማይታወቁ ሰዎች ከሰጡት አስተያየት አርባ ሆቴል ዞሮ ስድስቱን የመረጠ አንድ ሰው ይበልጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮምፒውተር ፕሮግራም ተጽፈው በሐሰተኛ ደራሲ ስም በኢንተርኔት የሚሸጡ መመሪያዎችም መጥተዋል። መለያቸው ጸሐፊው ሌላ ምንም ጽፎ አለመገኘቱ፣ ካርታ አለመኖሩና ስለ ማንኛውም ከተማ ሊባል የሚችል ሙገሳ መብዛቱ ነው።

ካርታ ካልን፣ ብዙ ሰው የመጽሐፉን ካርታ የሚያየው መንገድ ሲጠፋበት ነው። መታየት ያለበት ግን ከመግዛት በፊት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ አንድ ሆቴል ወስዶ በካርታው ላይ መፈለግ ይበቃል፤ ካልተገኘ ወይም ቁጥሩ ሌላ ቦታ ላይ ከወደቀ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው። የካርታን ዋጋ ወታደሮች ሳይቀሩ አውቀውታል። የጎማ አምራቹ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ አሽከርካሪዎች ብዙ እንዲነዱ፣ በዚያውም ጎማ እንዲጨርሱ የሚያዘጋጀው የፈረንሳይ መመሪያ የከተማ ካርታዎቹ ጥንቅቅ ያሉ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 የተባባሪዎቹ ጦር በፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲ ላይ ለመውረድ ሲዘጋጅ የ1939ኙን እትም በዋሽንግተን በድጋሚ አሳትሞ ለመኮንኖቹ አደለ። ምግብ ቤቶቹና ኮከቦቻቸውም ከነበሩበት ሳይነኩ አብረው ታትመው ነበር።