የእገታ ድርድር ምንድን ነው?

የእገታ ክፍል የሌለው የፖሊስ ተከታታይ ድራማ ማግኘት ይከብዳል። መሣሪያ የያዘ ሰው ባንክ ወይም ክሊኒክ ውስጥ ሰዎችን ይዟል። ፖሊስ ሕንፃውን ከቧል። ከዚያ አንዱ ስልክ ያነሳና ማውራት ይጀምራል። እዚህ አዳማ፣ ሻይ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ሲታይ "ወሬ ምን ያደርጋል? ሰብረው አይገቡም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፖሊሶች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት እንደዚያ ነበር።

ያ የስልክ ንግግር የእገታ ድርድር ይባላል። አጋቹን በንግግር አረጋግቶ፣ ታጋቾቹም እሱም በሕይወት እንዲወጡ የማድረግ ሥራ ነው። "እሱም" ሲባል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። ግን አጋቹ ከዚያ በር በሕይወት እንደሚወጣ ተስፋ ከሌለው፣ ሌሎቹን የሚያተርፍበት ምክንያት የለውም።

ሙያው የመጣው ከከባድ ውድቀት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ነበር፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያመጡበት ኦሊምፒክ። ሴፕቴምበር 5 ቀን "ጥቁር መስከረም" የተባለው የፍልስጤም ቡድን 8 ታጣቂዎች አትሌቶች መንደር ገቡ። ከእስራኤል ቡድን 2 ሰው ገድለው 9 ሰው አገቱ። የጀርመን ፖሊሶች የስፖርት ቱታ ለብሰው ጣሪያ ላይ ሲወጡ ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ታጣቂዎቹም ካሉበት ክፍል ሆነው አዩአቸው። ማታ ታጋቾቹን ይዘው በሄዱበት አየር ማረፊያ ላይ ለ8 ታጣቂዎች የተመደቡት ተኳሾች 5 ብቻ ነበሩ። እርስ በርስ የሚገናኙበት ሬዲዮ እንኳ አልነበራቸውም። ተኩስ ተከፈተ። 9ኙም ታጋቾች አለቁ። አንድ ጀርመናዊ ፖሊስና 5 ታጣቂዎችም ሞቱ።

የኒው ዮርክ ፖሊስ ይህ እኛ ዘንድ ቢደርስ ምን እናደርጋለን ብሎ ጠየቀ። ሃርቪ ሽሎስበርግ የሚባል መርማሪ ነበራቸው፤ በሥነ ልቦና ዶክትሬት ያለው ፖሊስ። እሱና ፍራንክ ቦልዝ የተባለው ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1973 የታጋቾች ድርድር ቡድን መሠረቱ። መፈክራቸው "አናግረኝ" የሚል ነው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ብሩክሊን ውስጥ 4 ታጣቂዎች አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ሰዎችን አገቱ። ገና ሲጀመር አንድ ፖሊስ በጥይት ሞተ። ባልደረባው የሞተበት ፖሊስ ምን ያህል እጁን እንደሚበላው መገመት አያቅትም። ግን ሰብረው አልገቡም። 47 ሰዓት ጠበቁ። ታጋቾቹ በጣሪያ በኩል አመለጡ፣ ታጣቂዎቹም እጃቸውን ሰጡ።

የዚህ ሥራ ጉልበቱ ጊዜ ነው። አጋቹ መጀመሪያ ላይ ደሙ ፈልቷል፣ የሚሠራውን አያውቅም። ሰዓት ሲያልፍ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ሽንት ቤት መሄድ ያምረዋል። ማሰብ ይጀምራል። ደግሞም አብዛኞቹ አጋቾች ለወራት ያቀዱ ሰዎች አይደሉም። ሊሰርቅ ገብቶ ፖሊስ የደረሰበት ሌባ አለ። ከሚስቱ የተጣላ፣ ከሥራ የተባረረ፣ ራሱን ሊያጠፋ የደረሰ ሰው አለ። ድራማው ግን አርባ ምናምን ደቂቃ ብቻ ስላለው "በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄሊኮፕተር ካልመጣ" የሚል ቀነ ገደብ ያስገባል። እውነተኛ ተደራዳሪ ቀነ ገደቡን ራሱ አያነሳውም። ስለሌላ ነገር እያወራ ሰዓቱ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ድራማው ሌላም የሚደብቀው ነገር አለ። ተደራዳሪ ብቻውን አይሠራም። አጠገቡ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል፣ በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ያቀብለዋል። ሦስተኛው የተባለውን ሁሉ ይመዘግባል። ውሳኔ የሚሰጠው አዛዥ ደግሞ ስልኩን አይነካም። ለዚህ ነው ተደራዳሪው "አለቃዬን ጠይቄ ልመለስልህ" ሲል እውነቱን የሚናገረው። መልሱ እስኪመጣም ጊዜ ይገኛል። ምግብ ቢጠየቅ ይሰጣል፣ በምላሹ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ለምሳሌ የታመመውን ታጋች። መሣሪያ አይሰጥም። በድራማ እንደምናየው ጥይት መከላከያውን አውልቆ "እኔን ውሰደኝ" ብሎ መግባትም የለም።

ንግግሩስ ምን ይመስላል? እዚህ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አካባቢ አንድ የተባረረ ሠራተኛ የቀድሞ አሠሪውን ሱቅ ውስጥ ዘግቶ ያዘው እንበል።

"አምስት ዓመት ሙሉ ሠርቼለት እንደ ውሻ አባረረኝ!"

"እንደ ውሻ?"

"አዎ! ሰው ፊት! ሌባ ብሎ!"

"ሰው ፊት ሌባ ተባልክ። በጣም ነው የተዋረድከው።"

ዝምታ። ተደራዳሪውም ዝም ይላል።

"እናቴ ሰምታለች እኮ።"

ተደራዳሪው እስካሁን ምክር አልሰጠም። "ተረጋጋ" አላለም፤ የተናደደን ሰው ተረጋጋ ማለት ይበልጥ እንደሚያበሳጨው ሁላችንም እናውቃለን። የሰውየውን የመጨረሻ ቃል መለሰለት፣ ስሜቱን በስሙ ጠራለት፣ ከዚያ ጠበቀ። ዋናው ነገር ራሱ ወጣ። ጉዳዩ ደሞዝ አይደለም፣ እናቱ ፊት የጠፋ ስሙ ነው። አሁን የሚነጋገሩበት ነገር አላቸው። ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ጥሩ ሽማግሌ የተቀየመው ሰው ሆዱ ያለውን እስኪጨርስ አያቋርጠውም። ልዩነቱ ሽማግሌ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል፣ ተደራዳሪ ግን አይፈርድም።

እዚህ ላይ የኛ ደመ ነፍስ ሊያሳስተን ይችላል። "እናቱን ጥሯት፣ ታናግረው" እንላለን። ድራማውም ይወደዋል፤ እናት እያለቀሰች ስልኩን ትቀበላለች። ሙያው ግን በዚህ በጣም ይጠነቀቃል። የቁጣው ምንጭ ቤተሰቡ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሀፍረቱ ሊባባስ ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ ሰውየው የሚፈልጋት ሊሰናበታት ከሆነ ነው። ስለዚህ እናት መጀመሪያ የምታወራው ከፖሊስ ጋር ነው። ስለ ልጇ ትናገራለች፤ ምን እንደሚወድ፣ መቼ እንደተከፋ።

ሌላው ሕዝቡ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ባጃጁ ሁሉ ይቆማል፣ ሰው ይከባል፣ ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገባው ብዙ ነው። አጋቹም ስልክ አለው። ፖሊስ በየት በኩል እንደቆመ ከኛ ያያል ማለት ነው። ሙኒክ ላይ ፖሊሶቹ ጣሪያ ላይ ሲወጡ የሆነው ይኸው ነው። ስልኩን ኪስ መክተትና ከአካባቢው መራቅ ሰው ያድናል።

ድርድር ሁሌ ይሠራል ማለት አይደለም። ጊዜ ከሌለ የሚይዘው ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ሦስት ጠላፊዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ 961 ይዘው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግሞ ነገራቸው። እነሱ ግን አውሮፕላኑ እስከዚያ መብረር እንደሚችል በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አንብበዋል፣ አላመኑትም። ልዑል በዘዴ የባሕር ዳርቻውን ተከትሎ በረረ። ነዳጁ አለቀ። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰው 50ው ተረፈ። መሬት ላይ ያለ ተደራዳሪ አጋቹ እስኪደክመው ይጠብቃል። ልዑል የሚጠብቅበት ነዳጅ አልነበረውም።

ዛሬ በአገራችን እገታ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን መንገድ ላይ ከመኪና አውርዶ ወስዶ ገንዘብ መጠየቅ ነው። ይህን ከድራማው እገታ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው። ቦታው አይታወቅም፣ ስለዚህ የሚከበብ ነገር የለም። ስልኩ የሚደወለው ለፖሊስ ሳይሆን ለአባት፣ ለእህት ነው። ጊዜም የሚያደክመው አጋቹን ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። በየቤቱ እየዞረ ገንዘብ የሚያሰባስብ ዘመድን "ቆይ፣ ጊዜ ግዛ" ማለት ጭካኔ ነው። ከቴሌቪዥን የተማርነውን እዚያ ላይ ባንሞክር ይሻላል።

ድራማው በሁለት ሰከንድ የሚያልፈው የመጨረሻውን እጅ መስጠት ነው። በሥራው ግን በጣም ከሚያስፈሩት ደቂቃዎች አንዱ ነው። ሰውየው ይፈራል፣ የፖሊሱም ጣት ምላጭ ላይ ነው። ስለዚህ ተደራዳሪው ነገሩን ዘርዝሮ አስቀድሞ ይነግረዋል። መሣሪያውን የቱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተው፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ፣ መሬት ላይ ተኛ እንደሚባልና ካቴና እንደሚገባለት። ሰውየው ያልጠበቀው እጅ ሲይዘው እንዳይደነግጥ ነው። ካስፈለገም መልሶ እንዲነግረው ይጠይቀዋል፦ "እስቲ አንተ ንገረኝ፣ በሩን ከከፈትክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?"