የሰራፕታዋ መበለት ማድጋና የእኛ ስፍር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 6 ቀን ከግዝረት በዓል ጋር የነቢዩ ኤልያስን ዕርገት አክብረናል። ጥር በእኛ በወሎ የሰርግና የዝክር ወር ነው፤ ችግረኛ ቤተሰብ የሕዝብ ሥራ ሠርቶ እህል ወይም ብር የሚቀበልበት የሴፍቲኔት ሥራም የሚጀመረው በዚሁ ወር ነው። ሁለቱ በአንድ ወር ሲገጣጠሙ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን አንነጋገርበትም። የልጆች ቀለብ የሆነው ስንዴ ከመጋዘን ወጥቶ ቤት ሳይገባ ለነጋዴ ይሸጣል። ብሩ ጌሾና ብቅል ይገዛበታል። ለሦስት ቀን ይበላል ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወር እናቲቱ ብቻዋን ትወጣዋለች።

ስለዚህ ዛሬ ከኤልያስ ሠረገላ ይልቅ የቀለበችውን ሴት እንመልከት። ታሪኩ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ነው። ሰማይ ተዘግቷል፣ ፈፋው ደርቋል። እግዚአብሔር ነቢዩን ወደ ባለጸጋ አልላከውም፤ በሲዶና አገር በሰራፕታ ወዳለች አንዲት መበለት ላከው። በቤቷ የነበረው በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት ነው። ሁለት እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ፣ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነበር። ዱቄትና ዘይት! የእርዳታ ሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ማንም ሳይተረጉምለት ይረዳዋል።

ብዙ ጊዜ ስንሰብከው ማድጋው ሞልቶ እንደ ፈሰሰ አድርገን እንሰብከዋለን። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ከማድጋው ዱቄት አልተጨረሰም፣ ከማሰሮውም ዘይት አልጎደለም ነው የሚለው። ሞላ አላለም። እግዚአብሔር ለዚያች ሴት ጎተራ አልሰጣትም፤ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ የየዕለቱን ሰጣት። በየቀኑ እንጨት ትለቅማለች፣ በየቀኑ በእፍኟ ትሰፍራለች፣ በየቀኑ ትጋግራለች። ተአምሩ መስፈርን አላስቀረላትም። እናቶቼ፣ በእፍኝ እየሰፈራችሁ ወር የምታደርሱ ሁሉ፣ ይህ ንፍገት አይደለም፤ እምነት ነው። ማንም «ቆጥቋጣ» ቢላችሁ አትደንግጡ።

እርዳታ መቀበልንም እንደ ነውር የምታዩ አላችሁ። «የስንዴ ልጅ» እያሉ በሰው ልጅ የሚያላግጡም አሉ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። ሰማይን የዘጋው ነቢይ በመጀመሪያ ከቁራ፣ ቀጥሎ ከእስራኤል ወገን ካልሆነች ሴት እጅ በላ። ኤልያስ ያላፈረበትን እኛ የምናፍርበት ምን ሆነን ነው? ሰልፉ ላይ ከፊታችሁ የቆመችው ሙስሊሟ ጎረቤታችሁም ያው የሰራፕታዋ መበለት ናት፤ ተራዋን አትንጠቋት።

አሁን ወደ ስፍሩ እንምጣ። በተለመደው ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ሲኖር ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። 15 ኪሎ በቀን ሲሰላ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ችግሩ የሴፍቲኔት ካርዱ ላይ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ማዕዱ ላይ አምስት ሰው ሲቀመጥ ነው። 45 ኪሎ ለአምስት ሰው በቀን 300 ግራም ብቻ ነው፤ የወፍጮ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ሳያሰሉ የሚጀምሩ ቤቶች በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራውን አጥግበው በሦስተኛው ሳምንት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማሉ። ስንዴው በገባ ዕለት አራት ቦታ ይከፈል። ሦስቱ ይሰፋ፤ በየሳምንቱ አንዱ ብቻ ይፈታ። አስፈጭታችሁ የምታስቀምጡትም የሳምንቱን ብቻ ይሁን፤ ዱቄት ከጥሬው ቶሎ ይበላሻል፣ ለጎረቤት ብድርም ቶሎ ይወጣል።

ወንፊታችሁን አታጥብቁ። ግርዱ ሲጣል ከስንዴው ብርታት ብዙው አብሮ ይሄዳል። ለነጭ ዳቦ ብላችሁ ከአሥር ኪሎ አንድና ሁለት ኪሎ ለዶሮ የምትበትኑ ከሆነ፣ የአንድ ልጅ የሦስት ቀን ቀለብ በተናችሁ ማለት ነው። ስንዴ ብቻውን ለእንጀራ ሲሆን ይደርቃል፣ ሲያድር ይሰባበራል፤ ቆላው ማሽላ፣ ደጋው ገብስ ወይም የተገኘውን ጤፍ ይቀላቅልበት። ከሁሉ የሚያዋጣው ግን ንፍሮ ነው፦ ወፍጮ አይጠይቅም፣ ግርድ አይጣልለትም። ሦስት እጅ ስንዴ ከአንድ እጅ ባቄላ ወይም አተር ጋር ማታ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ጠዋት በግማሽ እንጨት ይበስላል። ጥራጥሬው ከእህሉ ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ለልጅ ሥጋን የሚያህል ነገር ነው፤ ለየብቻ ከሆነ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ክኩን ቆልታችሁ በጦስኝና በጨው አስፈጭታችሁ ሽሮ ካደረጋችሁት ወር ያደርሳል፤ ወጥ ብቻ ከሠራችሁት አሥር ቀን አይዘልቅም።

ዘይቱ ለአንድ ሰው በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ቫይታሚን የተጨመረበት ስለሆነ ፀሐይ አታስነኩት፣ ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ ደጋግማችሁም አታንተክትኩት። ስንዴውን ነቀዝ እንዳይነካው አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በርብራብ ላይ አኑሩት። የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን በምትተኙበት ቤት ፈጽሞ እንዳታስገቡ፤ ጋዙ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ይገድላል።

ለልጅ የሚሰጠው የገንፎ ዱቄት ፋፋና የለውዝ ቅባቱ ፕላምፒናት የቤተሰብ አይደለም። ፕላምፒናት ለተጎዳ ሕፃን መድኃኒቱ ነው፤ ለእህትና ለወንድም ከተካፈለ ማንንም አያድንም። ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይቅደም፣ ከዚያ ፕላምፒናቱ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ። ሁለቱ እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ፣ ወይም የክንዱ ዙሪያ መለኪያ ቀይ ላይ ከዋለ፣ ይህም ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ ወደ ጸበል ከመሄዳችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽኗ ትየው። ጸበሉ አይሸሽም። ነነዌና ዐቢይ ጾምም እየመጡ ነው፦ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ደግሞ ራሳቸውን ከመጉዳታቸው በፊት ለንስሐ አባታቸው ይናገሩ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ጓያ ነው። ስንዴውን ለዝክር የሸጠ ቤት ክረምቱን በምን ይወጣዋል? በርካሽ በሚያገኘው ጓያ ነዋ። ጓያ ከሚበላው ምግብ ሢሶውን ካለፈና ሁለት ሦስት ወር ከዘለቀ ጉልበት ይሰብራል፤ የተሰበረውም አይድንም። በብዛት የሚይዘው ወንዶች ልጆችን ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከድርቅ በኋላ በእኛው በወሎ በደላንታና ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው፣ ገለባውን መርገጥ ነው የሚሉት ሐሰት ነው፤ የሚሰብረው መብላቱ ነው። የግድ ከሆነ ሌሊቱን በብዙ ውኃ ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ ሲቀቀልም የመጀመሪያው ውኃ ይደፋ፤ ቢያንስ ሁለት እጥፍ እህል ይቀላቀልበት። እሸቱንና ቆሎውን ለልጆች አትስጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ለቅዱሱ ክብር ብለን የጠመቅነው ጠላ የልጃችንን እግር ወሰደ ማለት ነው። ይህን ቅዱሱ ይቀበለዋልን? ሰው በላውን በላዔ ሰብእን በጥርኝ ውኃ ያስማረች እመቤት፣ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ያለ ጌታ፣ ጋን ጠላ መቼ ጠየቁን? አንድ ሰፌድ ንፍሮና አንድ እንስራ ውኃ በቅዱሱ ስም ለችግረኛ ይሰጥ፤ ዝክር ነው።

ስለ እህል ሰፋሪዎችም ዝም አልልም። ለአሥር ሰው የሚገባው 150 ኪሎ ነው፣ ባለ 50 ኪሎ ሦስት ከረጢት። በቡድን ተሰጥቶ በጣሳ ሲከፋፈል የሰፋሪው ጣሳ ይነቀነቃል፣ ይጠቀጠቃል፣ ይከመራል፤ የመበለቲቱ ጣሳ ላይ ግን እጅ ይንሸራተታል። አሞጽ በምዕራፍ 8 መስፈሪያውን የሚያሳንሱትንና የስንዴውን ግርድ የሚሸጡትን ሲገሥጽ እግዚአብሔር ሥራቸውን ለዘላለም እንደማይረሳ በመሐላ ተናግሯል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት በመላው አገሪቱ እርዳታውን ያቆሙት እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ብለው ነው። የሰረቀው ጥቂት፣ የተራበው ብዙ። ከእነዚያ ከሰረቁት መካከል ማዕተብ ያሰረ አልነበረም ትሉኛላችሁ?

ተቀባዮችም መብታችሁን እወቁ። ካርዱ በእጃችሁ ይኑር፤ ለማንም በአደራም ሆነ በዕዳ መያዣ አትስጡ። ሥራው ለተመዘገበ አንድ ሰው በወር አምስት ቀን ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የቤተሰቡን ሁሉ ቀን እንዲሸከም አይገደድም። ነፍሰ ጡር በጤና ጣቢያ ከታወቀችበት ጊዜ ጀምራ ቢያንስ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ከእርከንና ከድንጋይ ሥራ ነጻ ናት፣ ክፍያዋም አይቀነስም። ስማችሁ ያለ አግባብ ከወጣ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት በሉ፤ አቤት ማለት ማጉረምረም አይደለም፣ በሉቃስ 18 ያለችው መበለትም ዳኛውን አላስቀመጠችውም።

ለጽዋ ማኅበራት መሪዎች ለሙሴዎችና ለንስሐ አባቶች አንድ ልመና አለኝ። ኤልያስ ከመበለቲቱ የጠየቃት ትንሽ እንጎቻ ነው፤ ድግስ አልጠየቃትም። በሴፍቲኔት የምትኖር የማኅበር አባል ተራዋ ሲደርስ በዳቦና በንፍሮ ታውጣ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ አውጡላት፤ ሐሜቱን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ አስቁሙ። የሰኔን፣ የሐምሌን ወይም የነሐሴን ተራ የያዘች ካለች ከአሁኑ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ እህል ቤት ወደሚገባበት ወር አዙሩላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።