ቱርክ ሶሪያ ስትገባ የጠቀሰችው አንቀጽ 51
ነሐሴ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 24፣ 2016) የቱርክ ታንኮች ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ ጀራብሉስ የተባለችው የሶሪያ ከተማም ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ከሚጠራው ታጣቂ ቡድን፣ ከአይኤስ እጅ ወጣች። ዘመቻው «የኤፍራጥስ ጋሻ» ተባለ። ደማስቆ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ አለች፤ አንካራ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51ን ጠቀሰች።

አንቀጹ አጭር ነው። የትጥቅ ጥቃት የደረሰበት አባል አገር ራሱን መከላከል ይችላል፤ የወሰደውን እርምጃ ግን ወዲያውኑ ለጸጥታው ምክር ቤት ማሳወቅ አለበት። ልብ በሉ፣ ማሳወቅ ነው እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። ጥቃት አድራሹ መንግሥት ሳይሆን ታጣቂ ቡድን ሲሆንስ? አንቀጹ በግልጽ አይናገርም። ቱርክና አሜሪካ ክፍተቱን የሚሞሉት «ቡድኑ የመሸገበት አገር መንግሥት ሊያስቆመው ካልፈለገ ወይም ካልቻለ እኛ እንገባለን» በሚል ክርክር ነው፤ ሁሉም አገር ግን አልተቀበለውም።

የኩርዶቹ ጉዳይ ሲጨመር ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። ለቱርክ፣ የሶሪያ ኩርዶች ታጣቂ ቡድን የሆነው ዋይፒጂ፣ ቱርክን ለዓመታት ሲዋጋ የኖረው የኩርዶች ቡድን የፒኬኬ ቅርንጫፍ ነው፣ በቃ አሸባሪ። ፒኬኬን ራሷ በአሸባሪነት የፈረጀችው አሜሪካ ግን ዋይፒጂን አስታጥቃ አይኤስን አዋግታዋለች። ሁለቱም አገሮች የኔቶ አባላት መሆናቸው ነው እንግዲህ! ቱርክ በ2018 እ.ኤ.አ. ሶሪያ ውስጥ ወዳለችው አፍሪን ስትገባ ከተማዋን ይዞ የነበረው አይኤስ ሳይሆን ዋይፒጂ ነበር፤ የተጠቀሰው አንቀጽ ግን ያው 51 ነው።