የውሻ እግር ፈንገስ (ማላሴዚያ)፦ ምልክቱ፣ ምርመራውና ህክምናው

ውሻ እግሩን ስለላሰ ብቻ ታሟል አይባልም፣ ሁሉም ውሻ ይልሳል። ግን ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ እሱ ጣቶቹ መሃል ገብቶ ሲልስና በጥርሱ ሲቆረጥም የሚያድር ከሆነ፣ እግሩን ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ኮምጠጥ ያለ የሻገተ ሽታ ካለው፣ ጣቶቹን ከፈት ሲያደርጉ መሃል ያለው ቆዳ ቀልቶና ወዝቶ ከተገኘ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ ነው። በህክምናው ማላሴዚያ ደርማታይተስ ይሉታል፣ የውሻ ባለቤቶች በቃ የእግር ፈንገስ ይሉታል፣ ጆሮ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ያው ራሱ ነው ቦታው ነው የተቀየረው።

ማላሴዚያ ከውጭ የሚመጣ ወራሪ አይደለም። ጤነኛ ውሻም ቆዳው ላይ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ከንፈሩ ዙሪያና ጣቶቹ መሃል ይዞት ነው የሚኖረው። ባለ አንድ ህዋስ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወገቡ ጠበብ ያለ ኦቾሎኒ ይመስላል፣ ይሄ ቅርፁ ነው በምርመራ ጊዜ ቶሎ የሚያስለየው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ሻርል ማላሴ ሲሆን ውሻ ላይ የሚበዛው ዝርያ ፓኪደርማቲስ ግን መጀመሪያ የተገለፀው እ.ኤ.አ. በ1925 ከአውራሪስ ቆዳ ተወስዶ ነው (ውሻና አውራሪስ ምን አገናኛቸው እንዳትሉ፣ እንዲያው መጀመሪያ የተገኘው እዛ ሆኖ ነው)። የሰው ፎረፎርና ቋቁቻም ከዚሁ ቤተሰብ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ለዛ ነው አንዳንዶቹ መድሃኒቶች በሰውም በውሻም ላይ የሚመሳሰሉት።

ታዲያ ሁሉም ውሻ ካለበት ለምን አንዱ ይታመማል? እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፈንገሱ የሚራባው ቆዳው ሌላ ችግር ሲገጥመው ነው። ዋነኛው አለርጂ ነው፣ በአቧራ፣ በሳር፣ በአበባ ብናኝ፣ በምግብ ወይም በቁንጫ ንክሻ የሚመጣ። አለርጂ ያለበት ውሻ እግሩን ይልሳል፣ በመላሱ ቆዳው ይረጥባል ይቆስላል፣ እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ፈንገሱ ይራባል፣ ፈንገሱ ደግሞ ራሱ ያሳክካል፣ ስለዚህ ውሻው የበለጠ ይልሳል፣ እንደዛ እያለ ይዞራል። በዛ ላይ የውሻ ላብ ዋናው ቦታ መዳፉ ስለሆነ እግሩ ከሌላው ቆዳ ይልቅ ለእርጥበት የቀረበ ነው። በዕድሜ የገፋ ውሻ ላይ ከዚህ በፊት ምንም ሳይኖረው ድንገት ከጀመረ የታይሮይድ ማነስ ወይም ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን ችግር ይታሰባል፣ ስቴሮይድ (ማሳከክና እብጠት የሚያበርድ መድሃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰደ ውሻም እንዲሁ።

ከዝርያ ዌስት ሃይላንድ ዋይት ቴሪየር፣ ባሴት ሃውንድ፣ ኮከር ስፓንየል፣ ሺትዙ የመሳሰሉት ላይ ይበዛል፣ ጀርመን ሼፐርድም አይቀርለትም። የሀበሻ ውሻም ሊይዘው ይችላል፣ በተለይ በክረምት ግቢው ሲሚንቶ ሆኖ ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ታስሮ የሚውል ከሆነ እግሩ ደርቆ ስለማያውቅ የነበረውን ችግር ያባብስበታል።

ምልክቱን ስናይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የመዳፉ ትራስ ሳይሆን በትራሶቹና በጣቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ቆዳ ነው። እዛ ቆዳው ይቀላል፣ ሲነኩት ይወዛል፣ አንዳንዴ ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነ ቅባታማ ቆሻሻ ይይዛል። የጥፍሩ ስር ያብጣል፣ ዙሪያው ቡናማ ነገር ይጠራቀማል፣ ጥፍሩ ራሱ ቡናማ ቀለም ይይዛል። ጉዳዩ ወራት ካስቆጠረ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ይሸበሸባል። ነጭ ፀጉር ያላቸው ውሾች እግራቸው ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ ይሄ ግን ብዙ ሰው ፈንገሱ ራሱ ነው ብሎ ያስባል እንጂ ከምራቅ የሚመጣ ቀለም ነው፣ ምራቅ ውስጥ ፖርፊሪን የሚባል ነገር ስላለ። ስለዚ ቀለሙ የሚነግረን ውሻው ብዙ እየላሰ መሆኑን ነው፣ ለምን እንደሚልስ አይነግረንም። ጥቁር ውሻ ላይ ደግሞ ቀለሙ ጭራሽ አይታይም። ሽታውም እንደዛው ነው፣ ትንሽ ሽታ ጤነኛ መዳፍም ላይ አለ፣ የሚያሳስበው ሽታው የጨመረና ከመቅላትና ከማሳከክ ጋር አብሮ የመጣ ሲሆን ነው።

አራቱም እግር ወይም ሁለቱ የፊት እግሮች አብረው ከታመሙ ወደ አለርጂ ያዘነብላል። አንድ እግር ብቻ ከሆነ ግን ከፈንገስ በፊት ሌላ ነገር መፈለግ ይሻላል፦ እሾህ ወይም የሳር ዘር ገብቶበት፣ ጣቶቹ መሃል መዥገር ተጣብቆ፣ ጥፍሩ ተሰብሮ፣ ወይም መገጣጠሚያው አሞት እዛ ጋ እየላሰ ሊሆን ይችላል፣ እጢም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያምታቱት ዴሞዴክስ የሚባለው የእከክ አይነትና ስታፊሎኮከስ የሚያመጣው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ናቸው። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከማላሴዚያ ጋር አብሮ ነው የሚገኘው፣ አንዱን ብቻ አክሞ ሌላውን መተው ለዛ ነው የማያዋጣው። ጭርት ደግሞ ሌላ አይነት ፈንገስ ነው፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ ወደ ተሳሳተ መድሃኒት ይወስዳል።

ምርመራው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ሳይመረመሩ መድሃኒት መጀመር ምንም ምክንያት የለውም ባይ ነኝ። ሀኪሙ ጣቶቹ መሃል ግልፅ ስኮች ይለጥፍና ያነሳል፣ ወይም ስላይዱን (በማይክሮስኮፕ የሚታይበትን መስታወት) ራሱን ቆዳው ላይ ይጫነዋል፣ ጥፍር ስር ከሆነ ቆሻሻውን ጫር አድርጎ ይወስዳል፣ ከዛ ቀለም አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በዛው አጋጣሚ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩም ይታያል። ዴሞዴክስ ከተጠረጠረ ቆዳው ጠለቅ ተደርጎ ይፋቃል። ስንት ፈንገስ ሲታይ ነው በሽታ የሚባለው የሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም፣ ምክንያቱም አንዳንድ ውሻ ለፈንገሱ ራሱ አለርጂ ስለሚኖረው ጥቂቶች ብቻ ኖረው እንኳን ክፉኛ ሊያሳክከው ይችላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከምልክቱና ለህክምናው ከሚሰጠው ምላሽ ጋር ተያይዞ ነው የሚነበበው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከግል ክሊኒኮች ሌላ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለ።

ወደ ህክምናው ስንመጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከላይ የሚደረገው ነው፣ ክኒን ሳይሆን። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የእንስሳት ቆዳ ሀኪሞች ማህበር ባወጣው መመሪያ ጠንካራ ማስረጃ አለው የተባለው 2% ሚኮናዞል (ፈንገስ ማጥፊያ) እና 2% ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ማጥፊያ) የያዘ ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ መጠቀም ነው፣ ቀጥሎ 3% ክሎርሄክሲዲን ሻምፑ። ሻምፑው እንዲሰራ ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ አረፋ እንዳወጣ ወዲያው ያጥበውና መድሃኒቱ አልሰራም ይላል። እግር ብቻ ከሆነ ሙሉ ውሻውን ማጠብ አያስፈልግም፣ አንድ ሳፋ ውስጥ እግሩን አቁሞ ሻምፑውን በጣቶቹ መሃልና በጥፍሩ ስር በደንብ ማሸት፣ ሰዓት እያዩ እያጫወቱ ማቆየት (ሌላ ሰው ብስኩት እያቀበለው ቢይዘው ይቀላል)፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከዛ ማድረቅ። ማድረቁ ከማጠቡ እኩል ነው፣ እርጥብ እግር ይዞ ከተለቀቀ ግማሹ ስራ ባከነ ማለት ነው፣ ፎጣው ጣቶቹ መሃል ድረስ መግባት አለበት። ፀጉሩ ረጅም ከሆነ በጣቶቹ መሃል ያለውን ማሳጠር ይረዳል። በማይታጠብበት ቀን ክሎርሄክሲዲን ያለው የእንስሳት ዋይፕስ መጠቀም ይቻላል። ለውጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መታየት ይጀምራል፣ ግን ማሳከኩ ቀነሰ ብሎ ማቆም አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥልና በድጋሚ ስላይድ ታይቶ ነው የሚቆመው።

የእንስሳት ሻምፑ ካልተገኘ ከሰው ፋርማሲ የሚገዛ 2% ሚኮናዞል ወይም ክሎትሪማዞል ክሬም ትንሽ ቦታ ላይ ሊያገለግል ይችላል፣ ስስ አድርጎ ቀብቶ እስኪመጥ እንዳይልስ መከልከል ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፈንገስ ማጥፊያ፣ አንቲባዮቲክና ቤታሜታዞን በአንድ ላይ የተደባለቀባቸው ክሬሞች ላይ ነው፣ ቤታሜታዞኑ ስቴሮይድ ስለሆነ ለጊዜው ማሳከኩን ፀጥ ያደርገዋል፣ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ውሻው ሲልሰው ደግሞ ወደ ሆዱ ይገባል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የህፃናት ቅባትም ለውሻ አይሆንም፣ ከላሰው ሊመርዘው ይችላል።

ስለ ቤት ውስጥ መላ ብዙ ይባላል። በውሃ የተበረዘ አቼቶ ጤነኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጉዳት ባያመጣም የተቆሳሰለ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ውጤቱም ከሻምፑው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሎሚም ያው ነው። ቲ ትሪ ኦይል የሚባለው ዘይት ለውሻ መርዛማ ነው፣ በረኪናና ነጭ ጋዝ ደግሞ ባይነሱ ይሻል ነበር፣ ቆዳውን ያቃጥላሉ ሲልሳቸው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ክኒን የሚታዘዘው ከላይ የሚደረገው ካልበቃ፣ ጥፍሩ ስር ጠልቆ ከገባ፣ ወይም ውሻው በጭራሽ አልታጠብም ካለ ነው። የሚታወቁት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል ናቸው። ኬቶኮናዞል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በየቀኑ፣ ኢትራኮናዞል ደግሞ በኪሎ 5 ሚሊግራም በቀን አንዴ ወይም በሳምንት ሁለት ተከታታይ ቀን ይሰጣል፣ ሁለቱም ከምግብ ጋር። ኬቶኮናዞል ያስመልሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ ላረገዘች ውሻ አይሰጥም። ሌላው ብዙ የማይነገረው ከአይቨርሜክቲን ጋር ያለው ፀብ ነው፣ ኬቶኮናዞል አይቨርሜክቲን በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ ለእከክ ወይም ለትል መርፌ በቅርቡ የተወጋ ውሻ ከሆነ ለሀኪሙ መናገር የግድ ነው። ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ ፋርማሲ ሁሉ አለ፣ ለጭርት ይሰራል፣ ማላሴዚያን ግን አይነካውም፣ በእሱ ወር ሙሉ መልፋት ትርፉ ድካም ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ በየጥቂት ወሩ የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ መድሃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ከስር ያለው ነገር ስላልተነካ ነው። ቁንጫ መቆጣጠር ቀላሉ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይደረጋል። ከዛ የምግብ አለርጂ ይፈተሻል፣ ይሄ በደም ምርመራ ሳይሆን ውሻው በፊት በልቶት የማያውቀውን የስጋ አይነት ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል እየበላ የሚታይ ነው፣ በመሃል አንድ ሰው ፍርፋሪ ከጣለለት ፈተናው ተበላሸ፣ ብዙ ሰው ባለበት ቤት ትልቁ ፈተናም እሱ ነው። የአየር ወይም የአቧራ አለርጂ ሆኖ ከተገኘ ኦክላሲቲኒብ የሚባል ክኒን ወይም ሎኪቬትማብ የሚባል መርፌ አለ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ውሻ ያላቸው ሀበሾች አፖክዌልና ሳይቶፖይንት በሚለው የንግድ ስማቸው ያውቋቸዋል። አለርጂው አይድንም፣ ይያዛል፣ ስለዚህ አንዳንድ ውሻ ከበሽታው ከወጣ በኋላም እግሩን በሳምንት አንዴ መታጠቡን ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል።

ከምግብ ሳይወጣ፣ ስኳርና ዳቦ ፈንገሱን ይመግባል ስለዚህ ካርቦሃይድሬት ከተቋረጠ ይድናል የሚለው በየቦታው ይወራል። ማላሴዚያ ግን የሚኖረው በቆዳ ላይ ባለው ቅባት ነው፣ የራሱን ፋቲ አሲድ መስራት እንኳን አይችልም፣ ውሻው እንጀራ በላ አልበላ ጣቶቹ መሃል ያለው ወዝ ያው ነው። የምግብ ለውጥ የሚጠቅመው የምግብ አለርጂ ያለበትን ውሻ ነው።

ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ የሚለው ሁሌ ይጠየቃል። ጤነኛ ሰው የውሻውን እግር ስላጠበ አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፣ ፈንገሱ እጅ ላይ ሊገኝ ቢችልም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን በአንድ የጨቅላ ህፃናት ፅኑ ህሙማን ክፍል ይሄው ዝርያ ህፃናቱን እንደያዘና ምንጩ በሰራተኞቹ እጅ በኩል ቤታቸው ካሉ ውሾች ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፣ የቆመውም እጅ መታጠብ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተወለደ ህፃን ወይም በደም ስሩ ቱቦ ገብቶለት የሚታከም ሰው ያለበት ቤት፣ የውሻውን እግር ያጠበ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደነሱ አይጠጋም።